ሽንኩርት የሚከተፍበት ድንጋይ

ለብዙ ዓመት ሽንኩርት የከተፍኩት አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ መክተፊያውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ወገቤ ከእኔ ቀድሞ አረጀ። ስለዚህ ማድቤታችንን ስናድስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ ቆሜ የምሠራበት ኪችን ካቢኔት ይሠራልኝ፣ ላዩ ላይ የሚነጠፈውን ድንጋይም እኔ ልምረጥ። ባሌ «እሺ» አለ። እሱ ቶሎ እሺ ሲል እጠረጥራለሁ።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው ድንጋይ ቆራጭ ሁለት ናሙና ሰጠን፤ አንዱ ነጭ እምነ በረድ፣ ሌላው ጥቁር ግራናይት። እኔ ግራናይቱን ወደድኩ። ዘይት ቢፈስበት፣ እርድ ቢደፋበት ግድ የለውም። ባሌ ግን እምነ በረዱን አንስቶ ጉንጩ ላይ ለጠፈና ዓይኑን ጨፈነ። ድሬ ላይ ቀትር ሲሆን ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ ሰውም ቀዝቃዛ ቦታ ፍለጋ ቤቱ ይገባል። ባሌ ለዚያ ሰዓት የሚሆነውን ድንጋይ እየመረጠ ነበር።

«ይሄ ነው» አለ። «ጥቁር ሙቀት ይስባል።»

«አይተኛበትም እኮ። ሽንኩርት ነው የሚከተፍበት» አልኩት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ምሳውን በልቶ ናሙናውን አንገቱ ስር አድርጎ ይተኛል፤ ሲሞቅበት ገልብጦ በሌላው ፊት ይተኛል። ድንጋይ ቆራጩ ናሙናውን ሊወስድ የመጣ ቀን «አሁን ተኝቶበታል፤ ነገ ና» ብዬ መለስኩት።

የገላገለችን ጎረቤቴ ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ አጥራችን አንድ ነው፤ የእሷ ዒድ የእኔም ነው፣ የእኔ ፋሲካ የእሷም ነው፤ ቤቴ የምትገባውም በጓሮ በር ነው። ባሌን ድንጋይ ተንተርሶ አገኘችው።

«አንተ፣ እዚህ ቤት ሎሚ አይበላም እንዴ አቦ?» አለችው። ከቀፊራ ገበያ የገዛችውን ሎሚ ለሁለት ቆርጣ በሁለቱም ናሙና ላይ ደፋችና «ነገ እዩት» ብላ ሄደች።

በማግስቱ ግራናይቱ እንዳለ ነው። እምነ በረዱ ላይ ግን የሎሚው ክብ ደብዝዞ ቀርቷል። ባሌ በጨርቅ አሸው፣ በሳሙና አሸው፣ በመጨረሻ በምራቁ ሞከረ። አልለቀቀም። እኛ ቤት ደግሞ ያለ ሎሚ ምሳ የለም። ግራናይት ሆነ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ሳንጎራጉር ዋልኩ።

ድንጋዩ በተነጠፈ ማግስት ልከትፍ ስገባ፣ ባሌ ከወገቡ በላይ ግራናይቱ ላይ ተዘርግቷል።

«ይሄም ይቀዘቅዛል» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ባልጨቃጨቅኩሽ።»

«ተነስ። ሽንኩርት ልከትፍ ነው።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ይህችኑ ስደግም ከረምኩ። ሕግም አወጣሁ፤ የማንም ጉንጭ ድንጋዬን አይነካም። ስንት ዓመት ጎብጬ ያገኘሁትን ቦታ ለላቡ ማድረቂያ አልሰጥም አልኩ። ጎረቤቴም ደገፈችኝ፤ «ነውር ነው ወላሂ» እያለች ትቆጣው ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ መብራት ሄደ። ቬንትሌተሩ ዞሮ ዞሮ ቆመ። ባሌ ቤት የለም። በሩን አየሁ፣ መስኮቱን አየሁ፣ ቀስ ብዬም ጉንጬን ግራናይቱ ላይ አሳረፍኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰውዬው እውነቱን ኖሯል።

የጓሮው በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ ግን ቀና ማለት አቃተኝ። ጎረቤቴ ቆማ አየችኝ። ቁጣዋን ስጠብቅ፣ ሻሿን ጠበቅ አደረገችና «ወደዚያ ጠጋ በይ አቦ» አለች። ጠጋ አልኩላት።

ባሌ ሲመጣ ሁለታችንም እንደተጋደምን ነን። ሄዶ ሽንኩርትና ቢላ ይዞ ተመለሰ። ከተጋባን ጀምሮ ሽንኩርት ይዞ አይቼው አላውቅም።

«ተነሱ» አለ። «ሽንኩርት ልከትፍ ነው።»

አልተነሳንም። ትንሽ ጠበቀን። ከዚያ ያችን አጭር በርጩማዬን ከጥግ ስቦ ተቀመጠ፤ መክተፊያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎም መክተፍ ጀመረ። ገና ሁለተኛውን ሽንኩርት ሳይጨርስ «ኧረ ወገቤን» አለ።