በቀይ የተጻፈው ሄሮድስ

ማክሰኞ፣ ጥር 9 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቢቸና ውስጥ በሚገኝ አንድ ኮምፒውተር ቤት፣ አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር የሄሮድስን ስም ተሳለሙ።

ዘገባ ላሳትም ገብቼ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊደል አይለይላቸውም፣ ቀለም ግን ይለይላቸዋል። በብራና መጽሐፍ የቅዱሳን ስም በቀይ ስለሚጻፍ፣ ቀይ ባዩበት ሁሉ ጎንበስ ብለው ይሳለማሉ። ያን ዕለት የታተመው የአንድ አሮጌ የዮሐንስ ድርሳን ግልባጭ ነው። ዓይናቸው ሳይብስ፣ ሁለት ዓመት ከብራናው እያነበቡ ለኮምፒውተር ቤቱ ጸሐፊ አስጽፈውታል። በማግስቱ፣ በከተራ ዕለት፣ ለደብራቸው ሊያስረክቡት ነው።

የተሳለሙትን ቃል አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። እርሳሴን ከወለሉ ላይ ማንሳቴን አስታውሳለሁ፤ መቼ እንደወደቀ ግን አላውቅም።

«የኔታ፣ የተሳለሙት ሄሮድስን ነው።»

ሳቁ። «አንተ ጋዜጠኛ፣ ወሬ ቢያጥርህ በእኔ ጀመርክ?»

ጸሐፊዋ ወረቀቱን ነጥቃ አየችው። «በማርያም እኔ አይደለሁም የኔታ! ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚያቀላው!»

ሳቃቸው ተቋረጠ። አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ። «እንዲህ ያለ መጽሐፍ ደብር አላስገባም» አሉ። «ብራናውን እንደገና እንዳላነብ፣ ዓይን የለኝም።»

ስሞቹን የሚያቀላው፣ ሞጣ የሚያስተምረው ወንድሟ የሠራላት ፕሮግራም ነው። ጽሑፉን ቃል በቃል እየቆጠረ፣ ስሙ ያለበትን ቦታ ቀይ ያደርጋል። የመጀመሪያው ገጽ ልክ ስለነበረ የቀረውን አላየችም። እኔ በእርሳስ ቆጠርኩ። የመጀመሪያው የግዕዝ ቁጥር እስከሚመጣ ድረስ ስህተት የለም። ከዚያ በኋላ ቀዩ ከስሙ አንድ ቃል ቀድሞ ያርፋል፤ ከሁለተኛው ቁጥር በኋላ ሁለት ቃል ይቀድማል። ዮሐንስ ጥቁር ሆኖ፣ ከእሱ በፊት ያለው ሄሮድስ ቀልቷል።

ወንድሟ ጋ ደወለች፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«ጽሑፉን አንብቦ የስሞቹን ቦታ ለፕሮግራሙ የሚነግረው ላይብረሪ የመቼ ነው?»

«አንተው የጫንከው ነዋ! ከዚያ ወዲህ እግርህ ቢቸናን ረግጦ ያውቃል?»

«በይ ተይኝ። አሮጌው የግዕዝ ቁጥር አይቆጥርም፤ ባለፈው ወር የላኩልሽ ፕሮግራም ደግሞ ይቆጥራል። ሁለቱም አብረው መቀየር ነበረባቸው።»

ኢንተርኔት ስላልነበረ አዲሱን ላይብረሪ በፍላሽ ጭኖ ለአውቶቡስ ሾፌር ሰጠው። በደብረ ወርቅ በኩል አልፎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። የኔታ እስከዚያ ድረስ ከወንበራቸው አልተነሱም፤ ውኃ እንኳ አልጠጡም። ጸሐፊዋ ጫነችው፤ መጽሐፉ እንደገና ታተመ።

የኔታ ጣታቸውን ቀዩ ላይ አሳረፉ። «አንብብ።»

«ዮሐንስ።»

«ይኼንንስ?»

«ማርያም።»

«ለእኔ ብለህ እንዳትዋሽ።»

«አልዋሽም የኔታ።»

ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ እያንዳንዱን ቀይ ቃል አስነበቡኝ። ሄሮድስ በሁሉም ቦታ ጥቁር ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ጨረስን።

የኔታ መጽሐፉን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ደብሩ በሚወስደው መንገድ ሄዱ። ከቀዮቹ ቃላት አንዱንም አልተሳለሙም።