ቃራሚዋና ወፍ ቆጣሪው

የሥራ ባልደረቦቿ «ቃራሚዋ» ነበር የሚሏት። ሌላው አርሶ ባጨደው ማሳ ላይ የወደቀውን የምትለቅም ለማለት ነው። ሐይቅና ረግረግ በሚያጠናው ተቋም ውስጥ ሌሎቹ ቦት ጫማ አጥልቀው ውሃ ሲገቡ፣ እሷ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ሰዎች የጻፉትን ጥናት እየሰበሰበች በአንድ ላይ ታሰላለች። አንድ ጥናት ብቻውን ሊሳሳት ይችላል። ብዙዎቹ ሲደመሩ፣ ትልቁ እንደ ትልቅነቱ፣ ትንሹም እንደ ትንሽነቱ ሲመዘን ግን እውነቱ ጠራ ይላል።

«ጭቃ ያልነካት ተመራማሪ!» ይሏታል ሻይ ክበቡ ውስጥ፣ እየሰማች።

ባሏ እዚያው ተቋም ወፍ ቆጣሪ ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል።

የያዘችው ጥያቄ በሐይቅ ዳር ዛፍ መትከል የውሃ ወፎችን ይመልሳል ወይ የሚል ነበር። የተቋሙ ዳይሬክተር ስሙን የተከለው «ይመልሳል» በማለቱ ነው። የታተሙትን ጥናቶች ከየአገሩ ሰብስባ በግራፍ ስታስቀምጣቸው፣ ዛፉ የጠቀመባቸው ትንንሽ ጥናቶች በአንድ በኩል ተጨናንቀው ታዩዋት። በሌላው በኩል፣ ያልጠቀመባቸው መኖር በነበረባቸው ቦታ፣ ባዶ ነው። ያላማረ ውጤት ማን ያትማል? መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከእነዚያ መሳቢያዎች አንዱ ደግሞ የገዛ መኝታ ቤቷ ውስጥ ነበር፤ ባሏ ዛፍ በተተከለበት በተቋሙ ሐይቅ ዳር ቆጥሮ ያላሳተመው ወረቀት ያለበት።

«የኔን ተዪው» አላት ባሏ። «ዳይሬክተሩ ዋጠው አለኝ፤ ዋጥኩት።»

«የሌሎቹንም እየጠየቅኩ እኮ ነው። እነዚህ ከቀሩ የምጽፈው ውሸት ነው።»

«አንቺ ስለ ወፍ ምን ገዶሽ? በሕይወትሽ አንዲት ወፍ ቆጥረሽ አታውቂ!»

እንዲህ ቢልም ቆጠራውን አውጥቶ አሳያት፤ እሷም ኮምፒውተሯ ላይ ገለበጠችው። ስለሚወደኝ ነው ብላ አሰበች። በሌሎች አገሮች ያሉ ተመራማሪዎችም ያላተሙትን ላኩላት። ሁሉም ሲደመር የዛፉ ጥቅም ከምንም የማይቆጠር ሆነ፤ ያንኑ ጽፋ አሳተመች።

ዳይሬክተሩ ሳይውል ሳያድር ሠራተኛውን አዳራሽ ሰበሰበና ወደ ወፍ ቆጣሪው ዞረ።

«እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው የኛ ሐይቅ ቆጠራ ያንተ ነው ተብሏል።» ድምፁ ልጁን እንደሚመክር አባት የለሰለሰ ነበር። «አስብና መልስልኝ። የመምሪያ ኃላፊው ወንበር እንደሆነ እስካሁን ሰው አላገኘም።»

ወፍ ቆጣሪው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ጀመር።

«እንዲህ ያለ ቆጠራ አላውቅም።»

«ምን ማለትህ ነው? ንገራቸው እንጂ!» አለች፣ ብድግ ብላ።

መነጽሩን መወልወሉን ቀጠለ። ከኋላ አንዱ፣ «ቃርሚያ ስታጣ ራሷ ዘራች!» ሲል አዳራሹ በሳቅ አወካ። ዋናው ቆጠራ በባሏ እጅ ስለነበር፣ ከገለበጠችው ቁጥር በቀር የምታሳየው አልነበራትም። ውጤት ፈጥራ ጻፈች ተብላ ተባረረች፤ ጽሑፏም ተሰረዘ። ክፍሏ የቦት ጫማ ማስቀመጫ ሲሆን፣ ባሏ የመምሪያ ኃላፊ ሆነ።

«ምን ላድርግ፣ ሁለታችንም እንባረር?» አላት ያን ዕለት። ትታው አልሄደችም። ሐሰተኛ የተባለን ሰው የሚቀጥር አልተገኘም፤ እየዋለ እያደረም የቤቱን ዝምታ ለመደችው።

ዓመታት አለፉ። አንድ ምሽት ራት ላይ ባሏ ስልኩን ሲያነብ ቆየና ቀና አለ። ሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎች እሷ ከደመረችው የበዙ ጥናቶችን ደምረው ያው እሷ ያገኘችውን አግኝተዋል። ስሟ የትም የለም።

«ለካ ልክ ነበርሽ» አለ፣ እያላመጠ። «እስቲ ጨዉን አቀብዪኝ።»

አቀበለችው። በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ታላቅ እህቷ ቤት ሄደች።

«ለወፍ ብለሽ እንጀራሽን አጣሽ፣ አሁን ደግሞ ትዳርሽን?» አለቻት እህቷ፣ ከበሩ ሳትነቃነቅ። ጎረቤት ማየቱን ስታውቅ አስገባቻትና ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ፍራሽ አነጠፈችላት።

«በማለዳ ስለምናጥብ ቶሎ ተነሽ» አለችና መብራቱን አጠፋችባት።