የተበሳው መንጃ ፈቃድ

ኦፓል ሄንድሪ ሰባ አንድ ዓመት ሞልቷታል። አርባ አራቱን የኖረችው ፍሎሪዳ ውስጥ፣ የሽርሽር መርከቦች ከሚነሱበት ወደብ አጠገብ፣ ተጎታች ቤቶች በተደረደሩበት ሰፈር ነው። ሞቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብና ስታጥፍ ኖራ ጡረታ ወጣች። ከጎረቤቷ ከቨርና ጋር በየቅዳሜው ወደቡ አፍ ላይ ካለው የድንጋይ ግድብ ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ትልቁ መርከብ ሲወጣ እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ከላይ ያሉትም ይመልሱላቸዋል። አንድ ቀን ከላይ ሆነን ወደ ታች እናውለበልባለን ብለው ተማምለው ነበር፤ መሐላው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ከድንጋዩ አልተነሣም።

ከሦስት ዓመት በፊት አውሎ ነፋስ መጣና የኦፓልን ቤት ከነጣራው ይዞት ሄደ። የቨርናን ቤት አንድ መስኮት ብቻ ሰብሮ አለፈው፤ ነፋስ ምን ይሉኝ አያውቅ። ልጇ ዳርሊን ሌላ ቤት እስኪገኝ ብላ እናቷን ወደምትኖርበት ወደ ጎረቤት ግዛት፣ ወደ ጆርጂያ ወሰደቻት። እስኪገኝ የተባለው ቤት ሳይገኝ ዓመት ሞላ። ያን ጊዜ ዳርሊን፣ ለሕክምናሽ የዚህ ግዛት ነዋሪ መሆን አለብሽ ብላ መንጃ ፈቃድ ወደሚሰጥበት ቢሮ ወሰደቻት። ጸሐፊው የፍሎሪዳውን ካርድ ተቀብሎ በመብሻ በሳውና ከእንግዲህ አይሠራም፣ ለማስታወሻ ያዢው ብሎ መለሰላት፤ የጆርጂያውን አዲስ ካርድም ሰጣት። ኦፓል መኪና ውስጥ አለቀሰች። ልጇ ፎቶው አላማረላትም ብላ አሰበች።

ይህን ሁሉ ለቨርና አልነገረችም። ቨርና እሁድ እሁድ ትደውላለች። ቤቱ የነበረበትን ባዶ ቦታ የመሬቱ ባለቤት ለሌላ እንዳያከራየው ለምናዋለች፤ ሣሩንም በየቅዳሜው በገዛ ማጨጃዋ ታጭዳለች። መቼ ነው የምትመለሽው ስትላት ኦፓል ለፀደይ ትላለች። አንድ ፀደይ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። እውነቱ አፏ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ከነገረቻት ቨርና ማጨድ ታቆማለች፤ ያን ጊዜ በዚህ ዓለም ላይ የሚጠብቃት ቦታ አይኖርም።

የካቲት ላይ ቨርና ደወለች፤ የነዋሪዎች ዋጋ ወጥቷል። የወደቡ ሰው ይህን ዋጋ እንደ ዝናብ ነው የሚጠብቀው። መርከብ ክፍል ባዶ ይዞ ከሚወጣ አርክሶ ቢሸጠው ይሻለዋል፤ ስለዚህ ጉዞው ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የአውሮፕላን ቲኬት ሳይጨነቅ መኪናውን አስነሥቶ ከተፍ ለሚል ላገሬው ሰው በግማሽ ዋጋ ይለቀዋል። የፍሎሪዳ ነዋሪነትህን በመንጃ ፈቃድህ ታሳያለህ፤ ካላሳየህ ልዩነቱን ትከፍላለህ፣ አለዚያ ሻንጣህን እየጎተትክ ወደ ቤትህ። ቨርና ለሁለታቸው አንድ ክፍል ይዛለች። ፈቃድሽ አለ አይደል ብላ ጠየቀቻት።

ኦፓል አለ አለች። አልዋሸችም፤ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኦፓል ግን በአውቶቡስ ከጆርጂያ እስክትመጣ ድረስ እየከበደባት ሄደ። ቨርና ከጣቢያው ተቀበለቻትና የተቀቀለ ኦቾሎኒ እያቀበለቻት ወደቡ እስኪደርሱ ስለዚያ ባዶ ቦታ አወራች። ኦፓል ልንገራት፣ አሁን ልንገራት እያለች ኦቾሎኒ ፈለፈለች።

የመርከቡ መንገደኞች ከሚመዘገቡበት ጠረጴዛ ተራቸው ደረሰ። ቨርና ካርዷን ሰጠች። ኦፓልም የፍሎሪዳውን ካርድ ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ ሸፍና ዘረጋች። ወጣቷ ሠራተኛ ካርዱን ስትቀበላት የኦፓል ጣት ቀረ፣ ቀዳዳው ወጣ።

«ሚስስ ሄንድሪ፣ ይሄ የተሰረዘ ነው። የሚሠራ ሌላ መታወቂያ አለዎት?»

የኦፓል ፊት ደም መሰለ። የጆርጂያውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ልዩነቱን እከፍላለሁ፣ ብቻ እሷን አታስቀሯት፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ መለመን ጀመረች።

ልጅቷ ፈገግ አለች። «ኧረ ምንም አይከፍሉም። ከአንድ ክፍል አንድ ሰው ነዋሪ ከሆነ ይበቃል፤ ጓደኛዎ ደግሞ ነዋሪ ናቸው። እኔ መልክዎንና ስምዎን ለማየት ነው የፈለግሁት።»

ይኸው ነው። ኦፓል መርከቡ ቢሮ ደውላ አንድ ጥያቄ ብትጠይቅ ኖሮ የጆርጂያውን ካርድ ቀስ ብላ አሳይታ ታልፍ ነበር፤ ቨርናም ዞር ብላ አታየውም ነበር። ሰው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው መጠየቅ ይፈራል፤ ኦፓልን የጣላት እሱ ነው። ልጅቷ ሦስቱንም ካርዶች ሰብስባ ቅርቧ ለቆመችው ለቨርና ሰጠቻት። ቨርና መነጽሯን አደረገች። አድራሻውን አነበበች፤ ከታች ያለውን የተሰጠበትን ቀንም አነበበች። ከዚያ የኦፓልን ለኦፓል መለሰችና ሻንጣዋን አንሥታ ቀደመች።

መርከቡ ከሰዓት በኋላ ተነሣ። ሁለቱ ከላይ፣ ከብረቱ አጥር ጋ ቆመዋል። ሠላሳ ዓመት የተቀመጡበት ድንጋይ ከታች መጣ፤ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ቀና ብለው አውለበለቡ። ከሁለቱ አንዳቸውም እጃቸውን አላነሡም።

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር?» አለች ቨርና።

«ለፀደይ» አለች ኦፓል፤ ወዲያው ግን አፈረች። «አልዋሽሽም፣ አልመለስም። አንቺ ስታጭጂው ግን ቤት ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ብነግርሽ ታቆሚያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ቨርና ድንጋዩን ከኋላቸው እስኪቀር ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

«ዛሬ ጠዋት» አለች በኋላ፣ «ስንመለስ ቅዳሜ ነው፣ ሣርሽን አጭዳለሁ ብዬ ማጨጃው ላይ ነዳጅ ሞልቼ ነው የመጣሁት።»