የአያ ዋሴን ሳንባ ያነበብኩ ቀን

ጎንደር ውስጥ ከኔ በላይ ሳንባ ማንበብ የሚችል ሰው የለም። እሺ... ሐኪሞቹን ሳንቆጥር። እሺ፣ ከሐኪሞቹ ሌላም ጥቂት ሰው ይኖር ይሆናል። ከድንጋይ ጠራቢዎች መሃል ግን አንደኛ እኔ ነኝ፣ እዚህ ላይ አልደራደርም።

ሰኞ ረፋድ ላይ አዘዞ፣ አዲስ ቤት በሚሠራበት ግቢ ድንጋይ እየጠረብን ሳለ አያ ዋሴ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። አያ ዋሴ መዶሻ አያያዝ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ከድብ ባሕር መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡ ኖሩ፤ ብናኙም ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ሠራባቸው። ሐኪማቸው ጠባሳው መቆሙን ወይም መጨመሩን ከሁለተኛው ሲቲ ስካን እስክታይ ድረስ መዶሻ እንዳይነኩ ከልክላቸዋለች። ሁለተኛውን ተነስተዋል፣ ቀጠሮው ግን ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን የማታ ትምህርቴን ጨርሼ ምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። የሱቁን ታፔላ፣ የታክሲውን ጥቅስ፣ የመድኃኒቱን ካርቶን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አብሮኝ የሚውለው ሰው ሁሉ ሰልችቶታል።

አያ ዋሴማ ቀድሞም አይለቁኝም ነበር። ድንጋይ በእርሳስ ተጠርቦ አይተው እንደማያውቁ በሰው ፊት ይነግሩኛል። እኔም አልተኛላቸውም። ሳላቸው ሲነሳ «አያ፣ ቀስ ይበሉ... ግድግዳው ገና አልደረቀም» እላለሁ፣ ሠራተኛው ይስቃል። እሳቸውም እየሳሉ ይስቃሉ።

ያን ቀን ግን አልቀለዱም። ፌስታሉን ዘረጉልኝ።

«ተማሪ፣ እስቲ ይኸን ንገረኝ።»

ሁለቱ ፊልሞች ከየፖስታቸው ወጥተው ተደበላልቀዋል፤ የቱ የቀድሞው፣ የቱ የአሁኑ እንደሆነ ጠፍቷቸዋል። ማወቅ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው... ወደ ድንጋያቸው ይመለሳሉ ወይስ አበቃላቸው።

ፊልሞቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንስቼ ያዝኩ። ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ከበበኝ። በአንዱ ላይ ከሳንባው ግርጌ ስስ ነጭ መረብ ይታያል። በሌላው ላይ መረቡ ወደ ላይ ወጥቷል፣ የታችኛው ክፍልማ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ የማር እንጀራ መስሏል። እስከዚህ ድረስ ፊደል ያልቆጠረም ያየዋል። የቀረው ዓመተ ምሕረቱ ነው፣ እሱን ደግሞ እኔ አነበብኩ።

የማር እንጀራው ፊልም ላይ በማርከር የተጻፈው ዓመት ትንሽ ቁጥር ነው። ደህናው ላይ በማሽን የታተመው ደግሞ ትልቅ ቁጥር። ትንሹ ይቀድማል፣ ትልቁ ይከተላል... ይኸንንማ ክፍላችን ውስጥ እያንቀላፉ የጨረሱት ሴትዮም ያውቁታል።

«አያ፣ ክፉው የቀድሞው ነው። ሸጋው የአሁኑ ነው። እየዳኑ ነው» አልኳቸው።

ሲሚንቶ የሚያቀብሉት ሴቶች እልል አሉ። አያ ዋሴ ጋቢያቸውን አውልቀው ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አሉ። መዶሻዬን ከአጠገቤ አነሱ።

አስራ አምስት ቀን ጠረቡ። አፍዎን በሻርፕ ይሸፍኑ ብላቸው የዳነ ሰው አፉን አይሸፍንም አሉኝ። የኔም ዝና ወጣ... የራጅ ወረቀቱ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያው፣ የውሃ ቢሉ ሁሉ ወደኔ ይመጣ ጀመር። ሳላቸው ሲብስባቸው «እየለቀቀዎት እኮ ነው» እላቸዋለሁ። ያምኑኛል።

የቀጠሮው ቀን አብሬ ገባሁ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ፊልሞቹን መብራቱ ላይ ስትሰቅል የቱ እንደሚቀድም አስረዳኋት። ከዚያ የአያ ዋሴን እጅ አንስታ አየች፤ ጥፍራቸው ሥር ብናኝ ሞልቷል።

«አባቴ፣ ሥራ ላይ ነበሩ?»

«ድነሃል ተብዬ።»

«ማን ነው ያለዎት?»

አያ ዋሴ በአገጫቸው እኔን አሳዩ።

ሐኪሟ ጣቷን የታተመው ቁጥር ላይ አሳረፈች። ማሽኑ የሚያትመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው አለች። በማርከር የተጻፈው በእኛ ነው። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ያለው አሮጌው ነው፣ ትንሹ ያለው አዲሱ። የማር እንጀራው የዛሬው ሳንባቸው ነው። ጠባሳው ወደ ኋላ እንደማይመለስም ነገረቻቸው... ከእንግዲህ መዶሻ የለም፣ ቤት ውስጥም ኦክስጅን ያስፈልጋል።

አያ ዋሴ ወደኔ ዞሩ።

«ምነው ተማሪ... ፈረንጅም የራሱ ዓመት እንዳለው አልነገሩህም?»

ግድግዳውን ይዘው ወጡ። ልከተላቸው ስል ሐኪሟ አስቆመችኝ። ራሴን እንዳልወቅስ፣ ፊልሙ የተነሳው እሳቸው ወደ ሥራ ሳይመለሱ በፊት እንደሆነ፣ ያ አስራ አምስት ቀን ምንም የጨመረባቸው ነገር እንደሌለ ነገረችኝ።

አሁን አያ ዋሴ ቁስቋም፣ ልጃቸው ቤት ናቸው። ከአልጋው እስከ በሩ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። እሁድ ልጠይቃቸው ስሄድ ያን ቀን ወደ ኋላ የቀረሁት ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳቸው።

«እንዲያ ካለች ሸጋ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እዚህ ላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፣ ከአንድ በቀር። ሐኪሟ አላስቆመችኝም፣ እንዲያም አላለችኝም፤ ወደ ኋላ የቀረሁት የአያ ዋሴን ፊት ማየት ፈርቼ ነው። ያ አስራ አምስት ቀን ምን እንደጨመረባቸው... አልጠየቅኋትም።