ተሻለች በስልክ የሰማችው

ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም። ስለዚህ ስድሳዎቹን ካጋመሰች ሴት ጋር ቁጭ ብዬ «እሷ» እያልኩ ብጽፍ የሚቀየመኝ የለም። ራሷ ተሻለችም «አንቱ ካልከኝ አልነግርህም» ብላ ነው ወሬዋን የጀመረችልኝ።

የተወለደችው ከዚራ ሰፈር፣ አሁንም የምትኖርበት ቤት ውስጥ ነው። አባቷ የምድር ባቡር ፍሬን ያዥ ነበር። ሶማልኛና ኦሮምኛን ከመንገድ፣ ፈረንሳይኛን ከአባቷ የሥራ ባልደረቦች ለቃቀመች። በ1969 ዓ.ም. አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ ይኸው የቋንቋ ሀብቷ ለገሃር በሚባለው የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የስልክ ማዞሪያ ላይ አስቀጠራት። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ባሉት ጣቢያዎች መሐል የሚደወለው ስልክ በእጇ ያልፋል። ገመዱን ትሰካለች፣ ሰዎቹን ታገናኛለች፣ መስመሩ መሥራቱን ለማወቅ ጥቂት ታዳምጣለች። ጥቂት ብቻ ነበር የተፈቀደላት።

ሥራውን ያስለመዳት ሂርሲ የሚባል፣ ከወንዙ ማዶ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ቴሌግራፍ ላይ ይሠራል። ስትሳሳት አይቆጣም፤ «ገመዱ አይነክስሽም፣ አትፍሪው» ይላታል። ምሳውን ታናሽ እህቱ ናሲሞ ታመጣለት ነበርና፣ ሁለቱ እኩያሞች የተዋወቁት በዚያ ምሳ ሰዓት ነው።

ያ ዓመት እንዴት እንደተበላሸ ስትናገር ተሻለች ከሬዲዮው ትጀምራለች። መጀመሪያ ላይ «ወንድም የሶማሊያ ሕዝብ» ይል ነበር። ቆየት ብሎ «ጎረቤት አገር» አለ። መጋቢት ላይ የሁለቱ አገር መሪዎች ኤደን ላይ ለሽምግልና ተቀምጠው ሳይስማሙ ተነሡ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ «ተስፋፊው» ብቻ ሆነ። ሂርሲ የወዲያኛውንም ሬዲዮ ይሰማ ስለነበር «እነሱም እኛን ልክ እንደዚህ ነው የሚሉን፣ ስሙን ብቻ ቀይሪው» አላት አንድ ቀን። ሳቁ። ያን ጊዜ ገና ይሳቅ ነበር።

በማዞሪያው ላይ ግን ነገሩ ቀድሞ ይሰማል። የጅቡቲ ነጋዴዎች «ጭነቱን ትንሽ አቆዩት» ማለት ጀመሩ። ሹማምንቱ ሚስቶቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ሲሸኙ «ለዕረፍት ነው» ይላሉ፤ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ የምን ዕረፍት? «ጦርነት ሊመጣ ነው ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም» ትላለች ተሻለች። «ሁሉም እስኪያልፍ ነው የሚለው። ምን እስኪያልፍ እንደሆነ ግን የሚጠራው የለም።»

ግንቦት ማለቂያ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሂርሲ ራሱ በጅቡቲ መስመር ካለው አይሻ ጣቢያ እንድታገናኘው ጠየቃት። እናቱ እዚያ አጎቱ ዘንድ ሄዳ ነበር። ተሻለች ገመዱን ሰካች፤ መስመሩ መሥራቱን ለማወቅ አዳመጠች።

«አብቲ፣» አለ ሂርሲ አጎቱን በሶማልኛ፣ «እናቴን በነገው ባቡር እንዳትልካት። ሐዲዱ ጥሩ አይደለም።»

በሦስተኛው ቀን በዚያው መስመር ላይ ድልድይ ፈነዳ። ባቡሩ ቆመ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች ጣቢያው መጡ። የስልክ ሠራተኞቹን ተራ በተራ ጠሯቸው። የተሻለች ተራ ሲደርስ አንደኛው ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ሌላው ወረቀት ይዟል።

«ከዚህ ጣቢያ በሶማልኛ ስለ ሐዲዱ የተናገረ ሰው አለ?»

ባለ ወረቀቱን ቀና ብላ አየችው።

«እኛ እናውቃለን። አንቺ ማወቅሽን ነው የምንፈልገው። አለ ወይስ የለም?»

«አለ… ግን እሱ እናቱን—»

«ስሙን።»

ነገረቻቸው። ባለ ወረቀቱ ጻፈ። «ግን» ያለችውን አልጻፈውም። ስትወጣ እውነቱን ነው የተናገርኩት ብላ ራሷን አጽናናች። ሂርሲን ያን ዕለት ከምሳ በፊት ወሰዱት። በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ በሳምንቱ ሌላ ሰው ተቀመጠበት።

ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ገባ። ነሐሴ ላይ ውጊያው ከተማው አፋፍ ደረሰ። መድፉ ሲያጓራ የከዚራ መስኮቶች ረገፉ፤ ተሻለችና እናቷ አልጋ ሥር ሦስት ቀን አሳለፉ። ከተማው አልተያዘም። በዚያ ሁሉ የሰው እልቂት መሐል የአንድ ቴሌግራፍ ሠራተኛ መጥፋት የሚጠየቅ ነገር አልሆነም።

የሂርሲ እናት በጭነት መኪና ተሳፍራ ስትመለስ ልጇ የለም። «ወደ ሞቃዲሾ ተሻግሮ ከእነሱ ጋር ተቀላቀለ» አሏት፤ ማን እንዳለ አይታወቅም። እናትየው አመነች። ሁለት ወንድሞቿ በዚያ ጦርነት ከኢትዮጵያ በኩል ተሰልፈው ሞተው ነበርና፣ እስክትሞት ድረስ «ሂርሲ የሚባል ልጅ አልወለድኩም» ትል ነበር። ተሻለች ይህን ሰምታለች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

«መጀመሪያ ፈራሁ» ትላለች። «ቆይቶ ደግሞ አፈርኩ። ያኔ ያልተናገርኩትን አሁን ምን ብዬ? እያልኩ ዓመቱ ሄደ።»

ይህ ሁሉ ሆኖ ከናሲሞ ጋር ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም፤ እንዲያውም ጠበቀ። ናሲሞ መጋላ ውስጥ የድርያ ሱቅ ከፈተች፤ ሶማሌ ሴቶች የሚለብሱትን ስስ ቀሚስ ትሸጣለች። የተሻለች ባል ሲሞት ለቅሶው ላይ ሰባት ቀን ሙሉ ውኃ የቀዳችው እሷ ናት። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የናሲሞን ዕቃ የወሰደ ጊዜ ደግሞ ተሻለች ጭቃውን አብራት ዝቃለች። ናሲሞ «አባዮ» ትላታለች፣ እኅቴ ማለቷ ነው። ተሻለች ይህን ቃል በሰማች ቁጥር የሚሰማትን ልትነግረኝ ሞክራ ተወችው።

እንዲህ አርባ ሰባት ዓመት አለፈ።

በ2016 ታኅሣሥ ላይ ኢትዮጵያ ስለ ባሕር በር ከሀርጌሳ ጋር ተፈራረመች ተባለ። ሞቃዲሾ ተቆጣች። መጋቢት ላይ የኢትዮጵያ አምባሳደር ይውጣልን ተባለ። ነሐሴ ላይ ደግሞ የግብፅ መሣሪያ የጫኑ አውሮፕላኖች ሞቃዲሾ ማረፋቸው ተወራ። ተሻለች ቴሌቪዥኑን ስትከፍት የምትሰማው ዜናውን አልነበረም፤ ጎረቤቱ አገር በምን ስም እንደተጠራ ነበር። ስሙ ከሳምንት ሳምንት ይለወጥ ነበር። የደም ግፊቷ ወጣ፤ ሐኪሙ ጨው ቀንሺ አላት።

በዚያው ነሐሴ ልጇ ዓለምሰገድ ከሥራ ሲመለስ ስልኩን ዘረጋላት። ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ጨዋ ሰው ነው።

«እማ፣ ይቺን ስሚልኝ። የናሲሞ ልጅ ነው፣ ዐብዲፈታሕ። የአሽከርካሪዎቹ ግሩፕ ላይ በስሕተት የለቀቃት ድምፅ ናት። ልጆቹ ነገር አለው እያሉ ነው። ሶማልኛውን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ዐብዲፈታሕ በአይሱዙ ከጠረፍ ከተማዋ ቶጎጫሌ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ነው። ተሻለች መነጽሯን አወለቀች፤ መነጽር ለመስማት ምን ያደርጋል? ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ድምፁ ይፈጥናል፤ መሐል ላይ ይሰበራል። «በዚህ ሳምንት ምንም አትላክ። መንገዱ ጥሩ አይደለም። ሊዘጋ ይችላል።»

ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ልትሰማው ብላ ተወችው፤ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ምን ይላል?» አለ ዓለምሰገድ። «ስለ መንገዱ ነው አይደል? መንገዱ ሊዘጋ ነው ብሏል ወይስ አላለም?»

«ማነው ይህን የሚጠይቀው?»

«ሰዎች ናቸው እማ። ለሚመለከተው አካል እንስጥ ወይ እያሉ ነው።»

«ዕቃ እንዳይልክበት ነው የነገረው። ፈርቶ ነው።»

«እሱማ የአንቺ ግምት ነው። ቃሉን ንገሪኝ።»

«ግምት አይደለም!» ጮኸች፤ ዓለምሰገድ እናቱ ስትጮኽ ሰምቶ አያውቅም። «ጆሮ የለህም? ሶማልኛ ባታውቅ ፍርሃት አታውቅም? ድምፁን ስማ! ቃሉን ብቻ ወስዳችሁ ሰውየውን የት ልትጥሉት ነው? ንገራቸው፣ እናቴ ሰማችው፣ የፈራ ሰው ነው አለች በላቸው። ሌላ ነገር ካሉ እኔ ዘንድ ይምጡ።»

ዓለምሰገድ ደነገጠ። እንዳለችውም አደረገ፤ ልጆቹም ወሬውን ጣሉት። ተሻለች ግን አልተረጋጋችም። እንጀራ ፊቷ ቀርቦ አልቀመሰችውም። ሲነጋ ነጠላዋን ጣል አድርጋ በባጃጅ ድልድዩን ተሻገረች፤ ናሲሞ ሱቋን ስትከፍት ደረሰች።

«አባዮ፣ ምነው በጠዋት? ደኅና ነሽ?»

«ቁጭ በይ። ስለ ሂርሲ ነው።»

ናሲሞ የያዘችውን ድርያ ሳታጥፈው ቁጭ አለች። ተሻለች ሁሉንም ነገረቻት፤ አይሻ የተደወለውን፣ ሁለቱን ሰዎች፣ ወንበሩን። ምክንያት ልትሰጥ አልሞከረችም። ናሲሞ አላቋረጠቻትም። አንድ ደንበኛ ሴት ገብታ ዋጋ ስትጠይቅ «ዝግ ነው» አለቻት።

ከዚያ ወደ ተሻለች ዞራ ጠየቀች፤

«ወደ ሞቃዲሾ አልሄደም?»

«የወሰዱት ከጣቢያው ነው። ሠራተኛው ሁሉ አይቷል። ሁሉም ፈራ።»

«እናቴ ስትረግመው አብረሽኝ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠሽ ነበር፣ ተሻለች።» በስሟ ጠራቻት። «ሂጂ አሁን።»

ተሻለች ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ናሲሞ ስልኳን አታነሣም። ተሻለች በሱቁ ፊት ለፊት ስታልፍ ናሲሞ ፊቷን ወደ መደርደሪያው ታዞራለች። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እንዲህ ሄዱ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሁለቱ አገሮች ቱርክ ላይ ተስማሙ ተባለ፤ ሰዎቹ በቴሌቪዥን ሲጨባበጡ ዓለምሰገድ «ይኸው እማ፣ አለፈ» አላት።

ተሻለች ሰዎቹ እጅ ለእጅ ሲያያዙ አየች። እፎይ ማለቷን አትክድም። «በ1969ም እንዲህ ቢያልፍ ኖሮ» አለች፣ «ሂርሲ ጡረታ ይወጣ ነበር።» ከዚያ ተነሥታ ጓዳ ገባች።

ጥር ላይ ዐብዲፈታሕ በሯ ላይ ቆመ። አልገባም።

«እናቴ ልካኝ ነው። ዓርብ ከሶላት በኋላ ዘመድ ይሰበሰባል። ለእሷ የነገርሻትን ለእነሱም ትነግሪያቸዋለሽ ወይ? ብላሻለች።»

ዓለምሰገድ «እማ፣ ብቻሽን አትሂጂ» ብሎ ለመናት። ብቻዋን ሄደች። በግቢው ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ወንበር ሰጧት። በሶማልኛ ተናገረች፤ ከዕድሜዋ ጋር ሰዋስዋ የዛገ ቢሆንም ማንም አላረማትም። ስትጨርስ የቤተሰቡ ታላቅ ዐብዲሐኪም፣ የዚያ አይሻ የነበረው አጎት ልጅ፣ አገጩን በከዘራው ላይ አስደግፎ ጠየቃት።

«የት እንደተቀበረ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«መሞቱንስ?»

«እሱንም አላውቅም። ቢኖር ኖሮ እናቱ ዘንድ ይመጣ ነበር።»

አንዱ ወጣት ተነሥቶ መናገር ጀመረ፤ ቁጣው እውነት ነበር። «ታዲያ ይቅር በሉኝ ለማለት ነው የመጣሽው?»

«አይደለም። ከዳ ተብሎ እንዳይቀር ነው የመጣሁት» አለች። «ልጁ አልከዳም። እናቱ ባቡር ላይ እንዳትሞት ነው የደወለው።»

ዐብዲሐኪም ወጣቱን በእጁ አስቀመጠው። ያ ስልክ በተደወለ ጊዜ እሱ ራሱ ልጅ ነበር፤ አባቱ ከስልኩ መልስ ቤት ገብቶ «አክስትህ ነገ አትሄድም» ማለቱን ነገራቸው። ወንዶቹ ተነሥተው ተሰለፉ፤ በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሶላት ሰገዱ። ተሻለች ከሴቶቹ በኩል ቆማ ነበር። አንዲት አሮጊት ምንጣፏን ከእሷ አራቀች። ናሲሞ ግን አልራቀችም፤ አልተጠጋችምም።

ከዚያ ወዲህ ናሲሞ የደወለችላት አንድ ጊዜ ነው። ሰላምታ አልነበረውም።

«የወሰዱት ቀን ምን ነበር?»

«ማክሰኞ። የግንቦት የመጨረሻው ማክሰኞ።»

«እሺ» ብላ ዘጋችው።

ቤተሰቡ በየዓመቱ በዚያ ቀን ለሂርሲ ዱዓ ማድረግ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ተሻለችን የጠራት የለም። ለዱዓው አሥር ኪሎ ስኳር ገዝታ በዓለምሰገድ እጅ ላከች፤ ይመልሱት ይሆን እያለች ቀኑን ሙሉ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ዓለምሰገድ ባዶ እጁን ተመለሰ። ስኳሩን ተቀብለውታል።