ጭሱ የጠፋ መኪና

አሶሳ ውስጥ ጋራዥ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ ሥራ መኪና ሥር ተንጋልዬ ማርሚታ መፍታት ነበር። ማርሚታ ከሞተር የሚወጣውን ጭስ ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ ነው፤ ከነድምፅ ማፈኛው። ብሎኑ ዝጎ ከቱቦው ጋር አንድ ሆኗል። ስታገል የዝገቱ ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እንባዬን እያፈሰስኩ ስወጣ አለቃዬ ጋሽ ደምሴ ቆሞ ይስቃል።

«ምን ያስለቅስሃል? ገና ምን ሠራህና?» አለኝ። ከዚያ ራሱ ገባና ብሎኑን በእሳት አግሎ በአንድ ትንፋሽ ፈታው።

ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። እርሻ አልሆንልህ ሲለኝ ነው ብረት የያዝኩት። ረዳት ሆንኩ፣ ቀጥሎ በያጅ ተባልኩ፣ ጋሽ ደምሴ ሲያርፍ ደግሞ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ።

ስሜ የወጣው በጥሩ ሥራ ነው ብል ዋሸሁ። የወጣው በጩኸት ነው። ጎረምሶች አሮጌ መኪና ይዘው ይመጡና «ጋሼ፣ ትንሽ ይጩህልን» ይሉኛል። እኔም የማፈኛውን ሆድ ቀድጄ፣ ውስጡን ጠርጌ አውጥቼ፣ መልሼ እበይደዋለሁ። ፊት ለፊቴ ተከራይቶ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ መምህር አንድ ቀን መንገድ ተሻግሮ መጣ። «መኪና ነው የሚጠግኑት ወይስ መድፍ?» አለኝ። ስድብ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ሙገሳ ቆጥሬው ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ሳወራው ከረምኩ።

ጨዋታው ያበቃው ዓመታዊው የመኪና ምርመራ ላይ የጭስ መለኪያ ሲመጣ ነው። መርማሪዋ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት መሐንዲስ ነበረች፤ ትዕግሥት ትባላለች። የመለኪያውን ዘንግ ቱቦው አፍ ውስጥ ትከትታለች፣ ቁጥሩን ታነባለች፣ ካለፈ ያልፋል፣ ከወደቀ ወደቀ። መጀመሪያ ሰሞን የወደቀው መኪና ሁሉ የእኔ ሥራ ነበር። ተናደድኩ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬም አስወራሁ።

ኢድሪስ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የበርታ ሰው ነው፤ ነዋሪነቱ ቶንጎ። በቤንዚን የሚሠራ አሮጌ ፒካፕ አለው። ኋላው ላይ ሸራ ወጥሮ፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ አስገብቶ ከቶንጎ አሶሳ ሰው ያመላልሳል።

«ያ ኡስታ፣ መኪና ወደቀ። ጭሱ ብዙ ነው አሉ» አለኝ፤ ኡስታ በእነሱ ዘንድ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። «ክረምት ደግሞ መጣ። ወንዝ ስገባ ውኃ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ሞተር ይሞታል። ቱቦውን ወደ ላይ አውጣልኝ።»

ጭንቀቱ ለሥራው ብቻ አልነበረም። ሚስቱ ሀዋ ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወጥቶባታል። ሐኪሙ በየሁለት ሳምንቱ አሶሳ እየመጣች እንድትታይ አዟል። መኪናው ከቆመ ሀዋም ቆመች ማለት ነው።

ትዕግሥት ዘንድ ሄጄ ጠየቅኳት። «ቱቦውን ማንሳት ይችላሉ፤ ማፈኛው ግን ይኑር፣ ጋዙም ከልኩ አይለፍ» አለችኝ። እልህ ያዘኝ። ካርቡሬተሩን ፈትቼ አጠብኩ፣ የአየር ማጣሪያውንና ካንዴላዎቹን ቀየርኩ፣ የቤንዚኑን ልክ አስተካከልኩ። አዲስ ማፈኛ ከላሜራ ሠራሁ። ቱቦውን ከጋቢናው ጀርባ ቀጥ አድርጌ አቆምኩና አፉን ከሸራው ጣሪያ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩት። የማንጎ ቅርንጫፍ እንዳይመታው ነው አልኩ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ሲሆን ለዓይንም ያምር ነበር።

ትዕግሥት ለካች። ደግማ ለካች። «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜው እንዲህ የጠራ መኪና አላየሁም» አለች። ያን ቀን መሬት አልበቃኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኢድሪስ የላላ ማሰሪያ ላጠብቅለት መጣ። ሀዋን ሐኪም ቤት አድርሷታል፤ ወረፋ እየጠበቀች ነው። እኔ ሳጠብቅ እሱ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛው ያወራል።

«ሰው ዘንድሮ ደካማ ሆነ፣ ኡስታ። ባምባሲ ሳይደርስ ያስታውካል። ሀዋም ራሱን ይዞ ይተኛል። ሐኪም ደም ማነስ ይሆናል አለ፣ ኪኒን ሰጠ።»

«ሀዋ የት ነው የምትቀመጠው?»

«ኋላ ነዋ። ጋቢና ለሽማግሌ ነው።»

«ሸራውስ?»

«ዝናብ ነው። ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት።»

ቁልፉን አስቀምጬ የቱቦውን አፍና የሸራውን ጣሪያ አየሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ሐኪሙ ደም ማነስ ብሏል፣ ተሳፋሪው በመንገዱ አማሯል፣ ምርመራውም አልፏል። ዝም ልል አስቤም ነበር፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

«ሸራውን ዝጋና ንዳ፤ እኔ ኋላ እቀመጣለሁ» አልኩት።

በባምባሲ መንገድ ወጣን። ጭስ አይታይም፣ ሽታውም እምብዛም ነው። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጭንቅላቴን ወጥሮ ያዘኝ፣ ዓይኔ ክድን ክድን አለ። ጋቢናውን ደበደብኩ። መኪናው ሲቆም ወርጄ መንገዱ ዳር ተንበርክኬ አስታወክሁ።

ኢድሪስ ሳቀ። «ኡስታ፣ አንተም ደከምክ?»

«ኢድሪስ፣ መንገዱ አይደለም። እኔ ነኝ» አልኩት።

አስረዳሁት። አፉን ዝቅ አድርጌ ስለቆረጥኩት መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ጋዙን ገልብጦ በሸራው የፊት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከልክ አላለፈም ማለት ጋዙ የለም ማለት አይደለም፤ ሸራ ተዘግቶ ሰዓታት ሲተነፍሱት ይመርዛል። ዱሮ ጭሱ ጥቁር ስለነበር ሰው አፍንጫውን ይሸፍን፣ ሸራውን ይገልጥ ነበር። እኔ የሚታየውን አጥፍቼ የማይታየውን ትቼላቸዋለሁ።

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ልጁስ?»

«አላውቅም» አልኩት።

በቀጥታ ሐኪም ቤት ሄድን። ሽማግሌ ሆኜ አንዲት ወጣት አዋላጅ ፊት ቆሜ «የመኪና ጋዝ ስትተነፍስ ነው የከረመችው፤ ቱቦውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። አልተቆጣችኝም። ሀዋን አስተኝታ ኦክስጅን አደረገችላት። ከዚያ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ ወዲያ ወዲህ እያደረገች አዳመጠች።

«ልቡ ይመታል» አለች በመጨረሻ። «ግን በዚያ መኪና እንዳትመለስ።»

ሀዋ አሶሳ ዘመድ ቤት ቆየች። እኔ ቱቦውን እንደገና ሠራሁ። ከጣሪያው በላይ አወጣሁት፣ አፉን ወደ ውጭ አዞርኩት፣ የሸራውን የፊት ቀዳዳ በሙሉ በላሜራ ዘጋሁ። እንደ በፊቱ አያምርም። ትዕግሥት ዘንድ ወስጄ የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳት። ዘንጉን አስገብታ ለካች፤ ከዚያ መሣሪያውን ይዛ ሸራው ውስጥ ገባችና «ይንዱ» አለችኝ። ከተማውን ዞረን ስንመለስ ቁጥሩን አሳየችኝ፤ ሸራው ውስጥ ጋዝ አልገባም ነበር፤ ፈረመችልኝ። ከዚያ ወዲህ ሸራ ያለው መኪና ሲመጣላት ከኋላ ሳትቀመጥ አትፈርምም።

ኢድሪስ ግን በወረቀቱ አልረካም፤ እኔም አልፈረድኩበትም። ሸራውን ገለጠና ሀዋ የምትቀመጥበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ። «መጀመሪያ አንተ» አለኝ። ሸራውን አስሬ በዝናብ ቶንጎ ድረስ ሄድኩ፣ በማግሥቱም በዚያው ተቀምጬ ተመለስኩ። ራሴን አላመመኝም። ሀዋ የተሳፈረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሴት ልጅ ወለደች። ትንሽ ብትሆንም ደህና ናት።

አሁን ማርሚታ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው። መለኪያው ቱቦው አፍ ላይ ያለውን ይነግራችኋል፤ ሰው የሚተነፍሰው ግን አግዳሚው ላይ ነው። መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት ሸራውን ዝጉና ኋላ ተቀምጣችሁ ሂዱ።