በቀይ ክር የታሰረው ጥቅል

ባለቤቴ ድንች ሊጭን ጥሊሊ ከሄደ ማንም ቢያንኳኳ አልከፍትም። ከሰው ጋር ማውራት ያሳፍረኛል። ቆሰበር መንገድ ዳር ሻይ ስሸጥ እንኳ የማየው የደንበኞቼን ብርጭቆ እንጂ ፊታቸውን አይደለም።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ሳለ በሩ ተንኳኳ። አንድ ወንድ የሆነ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁትም። አልከፈትኩም። ሄደ።

ሲያባራ በርጩማዬን ይዤ ልወጣ ከፈትኩ። ቀኝ እግሬ ደፉን አልፎ መሬት ከነካ በኋላ ነው ወደ ታች ያየሁት። በእግሮቼ መካከል፣ ደፉ ላይ፣ አንድ ነጭ ጥቅል ተቀምጧል።

ከመዳፍ አይበልጥም። ወረቀቱ እንደ ብራና ሻካራ ነው። ታጥፎ ታጥፎ በቀይ ክር ታስሯል። ላዩ ላይ በጥቁር ቀለም ወደ ታች የወረደ ጽሕፈት አለ፤ የኛ ፊደል አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይደለም። ከስድስተኛ ክፍል ባላልፍም ይህን ያህል እለያለሁ። ከሥሩ ቀይ ማኅተም አለ። ጥቁርና ቀይ፣ ልክ ክታብ የሚጻፍበት ቀለም።

በርጩማው ከእጄ ወደቀ። እርጉዝ ነበርኩ። ከዚያ በፊት የያዝኩት ፅንስ ሳይጸና ወርዶብኛል፤ ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ «በር ላይ የተጣለ መተት ተራምዳ ነው» ብሎ ነበር። አሁን ደግሞ ቀኝ እግሬ አልፏል፣ ግራው ቀርቷል። ግራውን ባሳልፈው ተራመድኩት ማለት ነው። ቀኙን ብመልሰው ሁለተኛ ጊዜ ላልፍበት ነው። እንደዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«እትዬ! ይድረሱልኝ!»

አከራዬ ነጠላቸውን እየጎተቱ ከዋናው ቤት ወጡ። «ምነው ልጄ፣ አጥር እንደሚዘል ሰው…» ብለው ሊስቁ ሲሉ ጥቅሉን አዩት። «በስመ አብ! ተመለሽ! በእጅሽ እንዳትነኪው!»

እግሬን መለስኩ። እሳቸው ጸበል አምጥተው አፈሰሱበት። ክሩ ላላ፣ ወረቀቱ ተከፈተ፣ መርፌ የመሰለ አረንጓዴ ቅጠል ደፉ ላይ ፈሰሰ። ገና የታጨደ ሣር ይሸታል።

«ሥር ማሽ የቀመመው ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማንን አስቀይመሽ ነው?»

በመንገድ ላይ አንገቴን ደፍቼ ያለፍኳቸውን ሰዎች ላስታውስ ሞከርኩ። ፊታቸውን አይቼው አላውቅም።

አከራዬ ጥቅሉን በከሰል መቆንጠጫ አንስተው በረንዳቸው ላይ ካለው ፍም ሲጨምሩት ልጃቸው ከቤት ወጣ። ዳንግላ አካባቢ የውኃ ጉድጓድ ከሚያስቆፍሩ ጃፓኖች ጋር በሾፌርነት ይሠራል፤ ለእረፍት መጥቶ ነበር።

«እማዬ፣ ምን ታቃጥያለሽ?»

«ዞር በል፣ ጭሱን እንዳትስበው! ልጅቷ ደጅ የተጣለ መተት ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየው። «ኧረ ሻይ ነው! አለቃዬ ከአገሩ ያመጣልኝ። ሻይ ሻጭ ናት፣ ትሞክረው ብዬ ባንኳኳ ዝም ስትለኝ ደጃፏ አስቀመጥኩላት። ተናግሬያለሁኮ!»

«ሻይ? ታዲያ በክር ምን አሳሰረው?»

«ዲዛይን ነዋ! የጥንት ሻያቸው ነው፤ ወጣቱ እንዲወደው አሁን እንዲህ አሳምረው ያሽጉታል።»

«አንድ የስኒ ሥዕል ቢያደርጉበት ምን ነበረበት? ጸበሌን ጨረሱብኝ!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከፍሙ የተረፈችውን ክር በመቆንጠጫው አንጠልጥለው፣ «እንኪ፣ ለልጅሽ ማተብ ትሁን» አሉኝ።

እኔ አልሳቅሁም። እሺ፣ ሻይ ነው። ግን በሆዴ ያለው ልጅ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም ነበር።

እነሱ ጸበል የጠጣ ሻይ ይፈላል አይፈላም እያሉ ሲከራከሩ፣ እኔ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ከበሩ ወዲህ ቆሜ ጠበቅሁ። እርጥቡን ደፍ አያለሁ። ቅጠሎቹ ውኃ ጠጥተው መፍታታት ጀምረዋል።

ድንገት ከጎድኔ በታች መታኝ። ቆየት ብሎ ደገመኝ።

ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን በእጄ ጠራረግሁት። ከዚያ ግራ እግሬን አስቀድሜ ወጣሁ።